ሕመምተኛ በማንሳት የሚመጣ የወገብ ሕመም

ጥያቄ፦ በሰሜን ሸዋ በአንድ ሆስፒታል ተኝቶ መታከሚያ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ሕመምተኛ ወደ ራስጌ ስቤ ወይም አገላብጬ ባደርኩ ማግስት ወገቤን ይቆረጥመኛል። አልጋዎቻችን ከፍና ዝቅ አይሉም፣ ማንሻ መሣሪያም የለንም። የወገብ ቀበቶ ልግዛ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ገንዘብዎን ለቀበቶ አያውጡ፤ ጉዳትን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም። «ጉልበትን አጥፎ፣ ጀርባን አቅንቶ ማንሳት» የሚባለውም ለዕቃ እንጂ ለሰው አይበቃም። ሕመምተኛ መያዣ የለውም፣ በድንገት ይዞራል፣ አልጋው መሃል ርቆ ይተኛል፤ ሸክሙ ከሰውነትዎ በራቀ ቁጥር ደግሞ በወገብ ዲስኮች (በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ባሉት ትራሶች) ላይ ያለው ጫና ይበረታል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ባለሙያዎች ሕመምተኛን በእጅ ለማንሳት የሚመክሩት ወሰን 16 ኪሎ ገደማ ነው፣ ያውም ሁኔታው ሲመች። ከአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ያንሳል። ስለዚህ አያንሱ፤ ያንሸራትቱ።

ወደ ራስጌ ሲስቡ መጀመሪያ የራስጌውን መደገፊያ ዝቅ ያድርጉ፤ ካልሆነ ዳገት እየሳቡ ነው። ከባዱን ብርድ ልብስ ይግፈፉ። ለሁለት የታጠፈ አንሶላ ከትከሻው እስከ ዳሌው ያንጥፉ፤ ከሥሩ ለስላሳ ላስቲክ ቢገባ ሰበቃው በጣም ይቀንሳል፣ ሲጨርሱ ግን ያውጡት፣ አለዚያ ሕመምተኛው ይንሸራተታል፣ ቆዳውም በላብ ይርሳል። ከቻለ ጉልበቱን አጥፎ ተረከዙን ፍራሹ ላይ ይትከል፣ አገጩንም ወደ ደረቱ ያስጠጋ። ሁለት ሆናችሁ ግራና ቀኝ ቁሙ፤ አንሶላውን እስከ ሰውነቱ ድረስ ጠቅልላችሁ ያዙ። አንድ እግር ወደ ራስጌ ይቅደም። «ሦስት» ሲባል በክንድ ሳይሆን ክብደታችሁን ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር በማዛወር ሳቡ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ያለ ቆጠራ አንዱ ቀድሞ መሳቡ ነው። አስታማሚ ካገዘዎት አስቀድመው ያሳዩት፤ የእርሱም ወገብ ወገብ ነው።

አልጋው አጭር ከሆነ ሲያገላብጡ አንድ ጉልበትዎን ፍራሹ ላይ ያሳርፉ። ወደ ዊልቸር ሲያዛውሩ ዊልቸሩን በሕመምተኛው ጠንካራ ጎን አቁመው ፍሬኑን ይቆልፉ፣ አንገትዎን ግን እንዲያቅፍ አይፍቀዱ። የሚወድቅን ሰው ለመያዝ አይታገሉ፤ ጭንቅላቱን እየጠበቁ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይርዱት።

ሕመሙ ሲነሳ ከአንድ ሁለት ቀን በላይ አይተኙ፤ መራመድ ያሽራል። በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙበት። ጨጓራ፣ ኩላሊት፣ አስም ወይም እርግዝና ከሌለብዎት ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር፣ በቀን ቢበዛ 3 ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት መውሰድ ይችላሉ። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ይሻላል።

በእግሮችዎ መሃል ከደነዘዘ፣ ሽንት አልወጣ ወይም አምልጦ ካስቸገረ፣ እግርዎ ከዛለ ግን በዚያው ቀን ይመርመሩ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም አይጠብቁ፤ የአከርካሪ ቲቢ፣ ጥሬ ወተት ለሚጠጡ ደግሞ ብሩሴሎሲስ (ከከብት የሚተላለፍ በሽታ)፣ እንደ ሥራ ድካም ሆነው ይታያሉ።