ፕሮቪንስታውን መሄድ ያዋጣል ወይ?

«በሰመር ሥዕል ለማየት ከቦስተን ፕሮቪንስታውን ድረስ መሄድ ያዋጣል?» ላልሽው፦ በደንብ! በኬፕ ኮድ ጫፍ ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት፤ ግን አርብ ሂጂ። አርብ ማታ በዋናው ጎዳና በኮሜርሻል ስትሪት ያሉት ጋለሪዎች በራቸውን ከፍተው ያመሻሉ። ከአንዱ ወጥተሽ ሌላው ትገቢያለሽ። ሠዓሊው ራሱ ጥግ ይዞ ከቆመ አትፈሪ፣ አናግሪው።

የከተማዋ የሥዕል ማኅበርና ሙዚየም እንዳያመልጥሽ፤ በ1914 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተ ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1899፣ አሜሪካዊው ሠዓሊ ቻርልስ ሆቶርን የሥዕል ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ሞዴሉን ለፀሐይ ጀርባውን አሰጥቶ ያቆመውና ተማሪዎቹን በብሩሽ ፋንታ በስፓቱላ (ቢላ በሚመስል ጠፍጣፋ መሣሪያ) ያስላቸው ነበር። የሞዴሉ ፊት ጥላ ውስጥ ስለሚሆን ሥዕሉ ላይ የጭቃ ጭንቅላት መስሎ ይወጣል። እኔ እነዚያን ሥዕሎች ነው የምወዳቸው።

ፈጣኗ ጀልባ 90 ደቂቃ ገደማ ትፈጃለች። መኪናውን ተይው፣ ማቆሚያ ስትፈልጊ ይመሽብሻል። የመጨረሻዋን መመለሻ ሰዓት ግን ቀድመሽ እይ።