ስለ ቡታን ጠይቁ፦ ከመግቢያ ክፍያው እስከ ቃሪያ ወጡ

በሂማላያ ተራሮች፣ በህንድና በቻይና መካከል ስላለችው ቡታን የተሰበሰቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመተ ምሕረቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ቡታን ለውጭ ሰው ዝግ ናት የሚባለው እውነት ነው?

ድሮ ነው። እስከ 1960ዎቹ መጀመሪያ ድረስ መኪና የሚሄድበት መንገድ እንኳ ስላልነበራት ከህንድ ድንበር ዋና ከተማዋ ቲምፉ ለመድረስ ቀናት ይፈጅ ነበር። ቱሪስት መቀበል የጀመረችው በ1974 ሲሆን ቴሌቪዥንና ኢንተርኔት የፈቀደችው በ1999 ነው። አሁን በሩ ክፍት ነው፤ ጠባብ ግን ነው፣ ውድም ነው። ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተደረገው፦ ጥቂት እንግዳ ይምጣ፣ የመጣው ግን በደንብ ይክፈል።

ጥያቄ፦ ስንት ይከፈላል? ከአዲስ አበባስ እንዴት ይኬዳል?

ለቪዛ ማመልከቻ 40 ዶላር፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ሌሊት 100 ዶላር ለመንግሥት። ዕድሜው ከ6 እስከ 12 ያለ ልጅ ግማሹን ይከፍላል፣ ከ6 በታች ነፃ ነው። አምስት ሌሊት የሚያድር አዋቂ እንግዲህ 540 ዶላር አለበት፤ ሆቴል፣ ምግብ፣ መኪናና አስጎብኚ ለብቻ ናቸው። ክፍያው ቀድሞ 200 ዶላር ነበር፤ በ2023 ነው በግማሽ የቀነሰው።

እስከ ዴልሂ ወይም ባንኮክ በኢትዮጵያ አየር መንገድ፣ ከዚያ በድሩክ ኤር ወይም በቡታን ኤርላይንስ የቡታን አውሮፕላን ማረፊያ ወዳለበት ወደ ፓሮ። ሰው የሚሳሳተው ሁለቱን ትኬት ለየብቻ ገዝቶ ሻንጣው እስከ ፓሮ በቀጥታ የሚያልፍ ሲመስለው ነው። ካላለፈ ኢሚግሬሽን ወጥቶ መውሰድ ግድ ስለሚሆን የህንድ ወይም የታይላንድ ቪዛም ያስፈልጋል። በመመለሻም አንድ ሙሉ ቀን ትርፍ ያዙ፤ ፓሮ በተራሮች የተከበበ ጠባብ ሸለቆ ስለሆነ አብራሪው መሬቱን በዓይኑ እያየ ነው የሚያርፈው፣ ጭጋግ ከወረደ በረራው ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከፍታው አያሳምምም?

አዲስ አበባ ለለመደ ቲምፉ ምንም አይደለችም፤ ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው። ገደል ላይ የተሠራው ታዋቂው የታክሳንግ ገዳም ያለበት 3,120 ሜትር ደግሞ ከእንጦጦ ጫፍ ብዙም አይርቅም። ሽቅቡ ግን ሁለት ሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነውና በጠዋት ጀምሩ። በር ላይ ቦርሳና ስልክ ይቀመጣል፣ ጫማ ይወልቃል። 4,000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ የሚቀረውን የቼሌ ላ መተላለፊያ በደረሳችሁበት ቀን አትሞክሩት።

ጥያቄ፦ ቃሪያ እንደ ጎመን ይበላሉ አሉ። አሠራሩን ብትነግሩን?

ኤማ ዳጺ ይባላል፤ ኤማ ቃሪያ ነው፣ ዳጺ አይብ። ቃሪያው ማጣፈጫ ሳይሆን ራሱ ወጡ ነው። ለአራት ሰው፦ ሩብ ኪሎ ረጃጅም ቃሪያ በቁመቱ አራት ቦታ መሰንጠቅ፤ ከአንድ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና ከሁለት ኩባያ ውኃ ጋር 10 ደቂቃ መቀቀል። ሁለት ቲማቲምና አምስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ጨምሮ ሦስት ደቂቃ ማቆየት። ከዚያ እሳቱን በጣም መቀነስ፣ 200 ግራም አይብ ከላይ መበተን፣ ከድኖ ሳያማስሉ ሁለት ደቂቃ መተው፣ በመጨረሻ ማማሰል። አይቡ ከገባ በኋላ ከተንተከተከ ቅባቱ ይለያል፣ አይቡም እንደ ጎማ ይጎተታል።

የእነሱም አይብ እንደኛው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው የሚሠራው። የኛ አይብ ብቻውን ግን ድስት ውስጥ ፍርፋሪ ሆኖ ይቀራል፣ አይቀልጥም፤ ግማሹን ፕሮቮሎኔ የተባለውን የሚቀልጥ አይብ አድርጉት፣ መረቁ ይወፍራል። የሚበላው በቀይ ሩዝ ነው። በእንጀራስ? ማን ይከለክላችኋል!

ጥያቄ፦ ወንዶቹ ቀሚስ የሚመስል ነገር ለምን ይለብሳሉ?

ጎ ነው ስሙ፤ በመሥሪያ ቤትና በትምህርት ቤት ግዴታ ነው። እስከ ቁርጭምጭሚት ይረዝማል፤ ትርፉን ወደ ጀርባ በሁለት እኩል እጥፋት ሰብስበው እስከ ጉልበት ከፍ ያደርጉትና ኬራ በሚባል ጠባብ መቀነት ወገብ ላይ ጥብቅ አድርገው ያስሩታል። ደረት ላይ የሚቀረው ከረጢት ኪስ ይሆናል፤ መቀነቱ ከላላ ከነስልኩ ይወርዳል። ጾንግ (ምሽግም ገዳምም ቢሮም የሆነ ሕንፃ) ሲገቡ ካብኒ የተባለ ረጅም ፎጣ ይደርባሉ። እኛ የነጠላውን አጣፋ አይተን ለቅሶ ይሁን ቤተ ክርስቲያን እንደምንለየው፣ እነሱ ከካብኒው ቀለም ማዕረግ ያነባሉ፦ ነጭ ለተራው ሰው፣ ሰማያዊ ለፓርላማ አባል፣ ቢጫው ለንጉሡና ለሃይማኖት አባቱ ብቻ።

ጥያቄ፦ የደስታ አገር ናት?

«ጠቅላላ አገራዊ ደስታ» የሚለው መለኪያ የእነሱ ነው፤ ዘጠኝ ዘርፎች አሉት። ደን እንጠብቃለን ማለታቸውም የአፍ ብቻ አይደለም፤ የ2008ቱ ሕገ መንግሥት ከመሬቱ ቢያንስ 60 በመቶው በደን እንዲሸፈን ያዛል። ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኔፓልኛ ተናጋሪ የሆኑት ሎትሻምፓዎች በብዛት ተባረውና ሸሽተው፣ 100,000 ገደማ ሰው ኔፓል ውስጥ በመጠለያ ካምፕ ኖሯል። አብዛኞቹ ከ2007 በኋላ አሜሪካ ሰፍረዋል። ይህን ሳይጠቅሱ ስለ ደስታው ብቻ ማውራት ትክክል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ የትራፊክ መብራት የለም?

ቲምፉ ውስጥ የለም። አንድ ጊዜ ተተክሎ ሕዝቡ ስላልወደደው ተነቀለ፤ ነጭ ጓንት ያደረገ ፖሊስ በእጁ ያስተናብራል።

ጥያቄ፦ ሰው ቤት ብንጋበዝ?

ጨውና ቅቤ ያለበት ሻይ ይቀርብላችኋል፤ ሱጃ ይሉታል። ገጠር በጨውና በቅቤ ቡና የጠጣ አይደነግጥም፤ ስኳር የጠበቀ ግን ፊቱ ይጨማደዳል። በመጀመሪያው ግብዣ «መሹ፣ መሹ» እያሉ አፍን በእጅ ሸፈን አድርጎ እንቢ ማለት ጨዋነት ነው፤ ሲደግሙላችሁ ተቀበሉ። በጠጣችሁ ቁጥር ይሞሉላችኋል፤ ከበቃችሁ ስኒውን እንደሞላ ተዉት።