ፅንሱ የራሱን ጂን መቼ ይጀምራል፣ ሰዓቱ መድረሱንስ በምን ያውቃል?

እህቴ «ፅንሱ ከመጀመሪያው ሰዓት በራሱ ጂን ነው የሚሰራው ወይስ ቆይቶ፣ ቆይቶ ከሆነስ ሰዓቱ ደረሰ ብሎ ማን ይነግረዋል» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ዜብራፊሽ ከምትባል ትንሽ ዓሣ ፅንስ ጋር ስለምሰራ ከማየው ልመልስልሽ።

ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ላይ የሚኖረው እናትየው እንቁላሉ ውስጥ ባስቀመጠችለት ስንቅ ነው፣ ኤምአርኤንኤ (ከጂን የተገለበጠ የፕሮቲን መስሪያ ትእዛዝ) እና ፕሮቲን ማለቴ ነው። አልፋ አማኒቲን የሚባል የእንጉዳይ መርዝ አለ፣ ጂን እንዳይነበብ ያግዳል፣ እሱን ገና አንድ ሴል እያለ ስንወጋው ምንም የሆነ አይመስልም፣ በየ15 ደቂቃው መከፈሉን ይቀጥላል፣ ካልተወጋው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ ብታዪው አትለዪውም። ወደ 4 ሰዓት ሲሆነው ግን የጤነኛው ሴሎች የእንቁላሉን አስኳል እየሸፈኑ ወደ ታች መውረድ ሲጀምሩ የተወጋው እዛው ይቆማል። ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል፣ እስከዛ ድረስ የራሱ ጂን አላስፈለገውም ማለት እኮ ነው!

ሰዓቱ እንደ እንስሳው ነው። አይጥ 2 ሴል ላይ፣ ሰው ከ4 እስከ 8 ሴል ባለው ማለትም 3ኛው ቀን አካባቢ፣ ዜብራፊሽ ወደ 1000 ሴል ሲጠጋ።

ማን ይነግረዋል ላልሽው ብዙ ሰው ውስጡ ሰዓት የሚቆጥር ነገር አለ ብሎ ያስባል፣ ለእኔ ዋናው መጠን ነው። ፅንሱ ሲከፈል በጠቅላላው አያድግም፣ ዲኤንኤው ግን በየዙሩ እጥፍ ይሆናል፣ እናትየው ያስቀመጠችው ዲኤንኤውን ጠቅልሎ ጂን የሚዘጋው ሂስቶን የሚባል ትርፍ ፕሮቲን ታዲያ ለሁሉም መዳረስ ያቅተዋል፣ ጂን የሚከፍቱት ፕሮቲኖች ያኔ መግቢያ ያገኛሉ። ኒውፖርትና ኪርሽነር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1982 እንቁራሪት ላይ ተጨማሪ ዲኤንኤ ሲያስገቡ ንባቡ ያለጊዜው ጀመረ። ዜብራፊሽ ላይም ክሮሞዞሙ ግማሽ የሆነው አንድ ዙር ይዘገያል፣ እጥፍ የሆነው አንድ ዙር ይቀድማል። የሚቆጠረው ሰዓት ቢሆን ኖሮ ሁሉም እኩል በጀመሩ ነበር።

መጠን ብቻውን ግን አይበቃም፣ ከፋቾቹም መኖር አለባቸው፣ ዜብራፊሽ ላይ እነ ናኖግ ናቸው፣ የፍራፍሬ ዝንብ ላይ ዜልዳ የሚባለው። እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው፣ ናኖግ ራሱ የሚሰራው ከእናትየው ኤምአርኤንኤ ነው፣ መጀመሪያ ከሚያስከፍታቸው ጂኖች አንዱ ደግሞ ሚአር-430 የሚባል ትንሽ አርኤንኤ የሚሰራው ነው፣ እሱ ዞሮ የእናትየውን ኤምአርኤንኤ ያስወግዳል።

ሌላው፣ አከፋፈሉ ፈጣን እያለ ረጅም ጂን አንብቦ ለመጨረስ ጊዜ ስለሌለ መጀመሪያ የሚነበቡት አጫጭሮቹ ናቸው፣ ረጃጅሞቹ አከፋፈሉ ቀዝቀዝ ሲል ይከተላሉ። ስለዚህ ስታነቢ የጂኖቹን መጀመር ትንሹ ማዕበልና ትልቁ ማዕበል ብለው ለሁለት ከፍለውት ካገኘሽ ግራ አይግባሽ፣ ከላይ የጻፍኩልሽ የሴል ቁጥር የትልቁ ነው፣ አይጥ ላይ ለምሳሌ ትንሹ ገና አንድ ሴል እያለ ነው የሚጀምረው።