ውርጭ ሳይቀድመን፦ የጓሮ አትክልት ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ውርጭ ናቸው። ደስ ብሎኛል፤ ብዙ ሰው ስለ ውርጭ የሚጠይቀው ጓሮው ከተቃጠለ በኋላ ነውና።

ጥያቄ፦ የምኖረው መሃል ሜዳ ነው። አምና ድንች ሐምሌ ላይ ተከልኩ። ገና ሳያፈራ ውርጭ መታው። መቼ ልትከል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐምሌ ለመንዝ ረፍዷል። ውርጭ የሚመጣው ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ደመናም ንፋስም በሌለበት ሌሊት ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት ትለቀዋለች። እንደናንተ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር ጥቅምትን ማመን አይቻልም። ህዳርና ታህሳስማ ይብሳሉ።

ስለዚህ ወደ ኋላ ቁጠር። እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ ዝርያዎች ለመድረስ 4 ወር ገደማ ይፈልጋሉ። ውርጩ ጥቅምት 10 ይመጣል ብለህ ያዝ። ከዚያ 120 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥር፣ የጳጉሜን 5 ቀን ሳትረሳ፣ ሰኔ 15 ላይ ታርፋለህ። ብርድ እድገት ስለሚያዘገይ 20 ቀን ጨምርበት፤ ግንቦት 25 ይሆናል። እንግዲህ ዝናቡ እንደያዘ፣ ከግንቦት መጨረሻ ሳታሳልፍ ትከል። በክረምቱ ደግሞ ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ስላለ ውሃ የሚተኛበትን መሬት ተው፤ መስመሩንም ሰፋ አድርገው።

ውሃ ካለህ ሌላም መንገድ አለ። ጥር አጋማሽ ላይ ብትተክል ድንቹ ከአፈር በላይ ብቅ የሚለው ከሳምንታት በኋላ፣ የካቲት ላይ ነው። ክፉው ብርድ አፈር ውስጥ እያለ ያልፍለታል። እኔ ብሆን ሁለቱንም እሞክር ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ቅጠሉ ቢቃጠልም አፈር ውስጥ ያለው ድንች አይሞትም። ውርጭ በመታው ማግስት ተስፋ ቆርጠህ አታርሰው። ከአፈር ወጥቶ የሚታይ ፍሬ ካለ አፈር አልብሰው።

ጥያቄ፦ ጫጫ ነኝ። ከላይ ያለችው የጎረቤቴ ባቄላ ምንም አልሆነም፤ ከታች ወንዙ ዳር ያለው የኔ ግን ኩምትር ብሎ አደረ። አንድ ቀን ነው የዘራነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም እትዬ፣ ቦታው ነው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ቁልቁል እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይተኛል። ከጓሮዎ በታች በኩል የድንጋይ ካብ ካለ ደግሞ ይገድበዋል። አየሩ እንዲወጣ ካቡን አንድ ቦታ ላይ ይክፈቱለት። ከታች ብርድ የሚችለውን ያድርጉ፦ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት። ጎመን እንዲያውም ትንሽ ብርድ ሲነካው ይጣፍጣል። ድንች፣ ዱባና ፎሶሊያ ከፍ ወዳለው ጥግ ይሂዱ። የርስዎ ጓሮና የጎረቤትዎ ጓሮ የውርጭ ቀን አንድ አይደለም፤ የመጀመሪያውን ውርጭ ቀን በየዓመቱ ግድግዳ ላይ ባለው ካላንደር ምልክት ያድርጉበት።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነኝ። የቲማቲም ዘር ገዛሁ። ፓኬቱ ላይ «በጸደይ፣ ከመጨረሻው ውርጭ በኋላ ይተከል» ይላል። ጸደይ ሲል መስከረም ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ! ያ ጸደይ የፈረንጅ አገር ነው፤ እነሱ ብርዱን ጨርሰው ወደ ሙቀት የሚገቡበት ወቅት። አንቺ መስከረም ላይ ብትተክዪ ቀጥታ ወደ ውርጩ ነው የምትገቢው። ከፓኬቱ ወሩን ተዪና ለመድረስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚለውን ቁጥር ውሰጂ። ችግኙን ታህሳስ መጨረሻ ላይ ቤት ውስጥ፣ ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት አጠገብ አፍዪ። የካቲት አጋማሽ ላይ ፀሐይ የሚያርፍበት ግድግዳ ስር አውጪው፤ የብርድ ሌሊት ከመጣ ሸፍኚው። ክረምቱ ሳይገባ እንዲደርስልሽ ቶሎ የሚያፈራ ዝርያ ምረጪ። በ2,800 ሜትር ከፍታ ቲማቲም ማሳደግ ልፋት አለው። ቆስጣና ሰላጣ ግን ሳያስቸግሩሽ ይበቅላሉ።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ለምንኖርስ?

መልስ፦ እናንተ ከደብረ ብርሃን በ1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ትላላችሁ። 1,000 ሜትር ዝቅ በተባለ ቁጥር ሙቀት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ውርጭ አያሳስባችሁም። ውሃ ካላችሁ በጋው ለቲማቲምና ለቀይ ሽንኩርት የናንተ ወቅት ነው።

ጥያቄ፦ ጭስ ማጨስ ይረዳል? ስልኬ 3 ዲግሪ ነው ሲለኝ ልተኛ?

መልስ፦ አትተኛ። ያ ቁጥር ከመሬት 2 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ላለው አየር ነው። ሰማዩ ከጠራ መሬቱ ላይ ያለው ቅጠል ሙቀቱ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል። ጭሱም እምብዛም አይረዳህም፤ ሙቀት አይዝም። ቀን ላይ መደቡን አጠጣ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይይዛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍነው፤ ጫፉ መሬት ይንካ፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከአፈሩ ነውና። ላስቲክ ከሆነ እንጨት አቁመህ አልብሰው፤ ቅጠሉን ከነካ የነካው ቦታ ይቃጠላል። ጠዋት ሞቅ ሲል ግለጠው።