“የራሳችን ሥሪት ነው” የተባለ ሾትጋን ልግዛ?

ጥያቄ፦ በጅማ ዞን የማና ወረዳ ገበሬ ነኝ። ቡናና በቆሎ አለኝ። በቆሎው እሸት ሲይዝ ቀን ዝንጀሮ፣ ሌሊት የዱር አሳማ እየገባ ይጨርስብኛል። ስለዚህ ሾትጋን (እርሳስ የሚበትን ጠመንጃ) መፈለግ ጀመርኩ። የሚወራው ሁሉ የውጭ ነው፤ በተለይ የቱርክ። ዋጋው አይቀመስም። አንድ ደላላ “የሀገር ውስጥ ሥሪት አለ፤ የራሳችን ምርት ስለሆነ ችግር የለውም” አለኝና 8 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁት። ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደግሞ “ተው፣ እኔ ደህናውን እልክልሃለሁ” ይላል። የሀገር ውስጡን መግዛት ይፈቀዳል? ካልተፈቀደስ ቀብዴ ይመለስልኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ማማ ላይ ቁጭ ብዬ ጣሳ ስደበድብ ያደርኩባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። አሳማ አንድ ሌሊት ከገባ ጠዋት የሚታየው ነገር ያስለቅሳል። አገዳው ተሰብሮ፣ እሸቱ ግማሽ ግማሽ ተበልቶ፣ መሬቱ እንደታረሰ ተገለባብጦ ያገኙታል። ስለዚህ ጥያቄዎን ያነበብኩት በጭንቀትዎ ውስጥ ሆኜ ነው።

ግን ያንን መሣሪያ አይግዙ። ገና እጅዎ ስላልገባ እግዚአብሔር ይመስገን።

የላኩልኝን ፎቶ በስልኬ እያጎላሁ አየሁት። አፈሙዙ የውሃ ቧንቧ ነው። ከሥሩ የብየዳው ጠባሳ ወፍራም ሆኖ ይታያል። ሰደፉ በሽቦ ታስሯል። ቁጥር ፈለግሁ፤ የትም የለም። በሕግ ዓይን ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው ለአንድ ተለይቶ ለሚታወቅ መሣሪያ ነው፤ የሚለየውም በመለያ ቁጥሩ ነው። ቁጥር የሌለውን መሣሪያ ፖሊስ ጣቢያ ወስደው “መዝግቡልኝ” ቢሉ ምን ብለው ይመዝግቡት? ሀገራችን በ1996 ዓ.ም. የፈረመችው የናይሮቢ ፕሮቶኮልም (የቀላል ጦር መሣሪያ ቁጥጥር ስምምነት ነው) መሣሪያ ሲሠራም ሆነ ከውጭ ሲገባ ምልክት እንዲደረግበት ያስገድዳል።

“የራሳችን ምርት” የሚለው ቃል ልብ እንደሚነካ አውቃለሁ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ሀገር ናት። የጋፋት ስም ዛሬም ቢሾፍቱ ላይ ላለ የመሣሪያ ፋብሪካ መጠሪያ ነው፤ ጉደር አካባቢ ደግሞ የሆሚቾ ጥይት ፋብሪካ አለ። እነዚህ ግን የመንግሥት ናቸው፤ ሥራቸውም የመከላከያ ነው። ከነሱ የወጣ ዕቃ በደላላ እጅ ጅማ ሂርማታ ገበያ አይዞርም። ደላላው “ከፋብሪካ የወጣ ነው” ካለዎት ወይ ይዋሻል፣ ወይ የተሰረቀ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትን፣ ማስገባትን፣ መሸጥን፣ መያዝን፣ መጠገንን ጭምር ይከለክላል። የጅማ ይሁን የቱርክ ይሁን ልዩነት የለውም። አዋጁ የሚጠይቀው ፈቃድ መኖሩን ነው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትና ማዘዋወር በወንጀል ያስቀጣል። ስለዚህ ቧንቧውን የበየደው ሰው፣ ደላላው፣ እርስዎም ቢገዙት፣ ሦስታችሁም ትጠየቃላችሁ። “ለበቆሎዬ ነው” የሚለው መልስ ቅጣት ያቀልልዎት ይሆናል እንጂ ነፃ አያወጣዎትም። በጥብቅና ሥራዬ እንዲህ ያለ ደንበኛ ነበረኝ። ሰላማዊ ሰው፣ የስድስት ልጆች አባት። መሣሪያውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ሚኒባስ ላይ እንደጫነ ኬላ ላይ ተያዘ። የዚያ ዓመት ቡናው ሳይለቀም ዛፍ ላይ ደረቀ።

ከሕጉ ሌላ ደግሞ ሰውነትዎ አለ። የውሃ ቧንቧ የተሠራው ውሃ እንዲያስተላልፍ ነው። የጥይት ግፊት ሲመጣበት መጀመሪያ የሚከፈተው ብየዳው ነው፤ ብየዳው ያለው ደግሞ ከፊትዎ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው።

የወንድምዎን ነገር ባጭሩ ልጨርስ። መሣሪያ እንደ ጫማና ስልክ ተጠቅልሎ አይላክም። አሜሪካ መሣሪያ ከሀገር ለማስወጣት ፈቃድ ትጠይቃለች፤ እኛ ጋ ለማስገባትም ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል። ሻንጣ ውስጥ አድርጎ ቢሞክረው ቦሌ ላይ ራሱ ይቀራል። ዛሬውኑ ደውለው ያስቁሙት።

ቀብዱስ? ሰው ሁሉ የሚያውቀው “ቀብድ ተቀብሎ ያፈረሰ እጥፉን ይመልሳል” የሚለውን ነው። እውነት ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ይለዋል። ይህ ግን የሚሠራው ውሉ ሕጋዊ ሲሆን ነው። የእናንተ ውል ጉዳዩ ሕገ ወጥ ስለሆነ በአንቀጽ 1678 እና 1716 አይጸናም። የማይጸና ውል ሲፈርስ ደግሞ አንቀጽ 1815 ወገኖች ወደነበሩበት እንዲመለሱ ያዛል። ስለዚህ እጥፉን አያገኙም፤ የሰጡትን 8 ሺህ ግን የመጠየቅ መሠረት አለዎት።

ልክስስ ቢሉ አልመክርዎትም። ክስ ሲጽፉ “ፈቃድ የሌለው መሣሪያ ልገዛ ገንዘብ ሰጠሁ” ብለው በራስዎ እጅ ይፈርማሉ። ይልቅ ደላላውን በሽማግሌ ያነጋግሩት። “መሣሪያውን አልፈልግም፣ ገንዘቤን መልስ” ይበሉት፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። በመሣሪያው ፋንታ “ሌላ ነገር ልስጥህ” ቢልዎት እሺ አይበሉ። እንቢ ካለ 8 ሺውን ይተዉት። ያማል፣ ግን ከጠበቃ ክፍያ ያንሳል። በገዛ ፈቃድ መተውዎ በወንጀል በኩልም ይጠቅምዎታል፤ ሕጉ በአንቀጽ 28 በራሱ ፈቃድ ከጀመረው ወንጀል የተመለሰን ሰው ሁኔታ ለይቶ ያያል።

በሕጋዊ መንገድ መሣሪያ መያዝ ከፈለጉ በወረዳዎ ፖሊስ ይጀምሩ። የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ይያዙ። የኋላ ታሪክዎ ይጣራል። አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ቀጥሎ ግዢው። የሚሸጥልዎትም ሰው ራሱ ፈቃድ ያለው ይሁን። ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ የቱርክም ሆነ የሌላ ሀገር ሥሪት መሆኑ ለሕጉ ግድ አይሰጠውም።

ፈቃድ ቢያገኙም እንኳ ያየነውን ሁሉ መተኮስ አይቻልም። የዱር እንስሳት በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተጠበቁ ናቸው፤ ያለ ፈቃድ ማደን ወንጀል ነው። እናንተ ጋ ደግሞ ጫካው ቅርብ ነው፤ ጉሬዛውም እዚያው ነው። በጨለማ የሚበተን እርሳስ አሳማና ጉሬዛ አይለይም፤ በጫካ መንገድ የሚያልፍ የጎረቤት ልጅም አይለይም።

እኔ ብሆን ነገ ጠዋት የማደርገው ይሄን ነው። ችግሩ የእርስዎ ብቻ እንዳልሆነ እገምታለሁ። ጎረቤቶችዎን ሰብስቡና የደረሰውን ጉዳት ጻፉ፦ የማን ማሳ፣ ስንት ጥማድ፣ በየትኛው ቀን፣ ምን እንስሳ። የተሰበረውን አገዳ ፎቶ አንሱ። በጋራ ፈርማችሁ ለቀበሌውና ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስገቡ። ግልባጩን ለኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት የጅማ ቅርንጫፍ ስጡ። እንስሳው ከአቅም በላይ ከሆነ መፍትሔ እንዲፈልጉ በጽሑፍ የጠየቃችሁበት ማስረጃ ይሆናችኋል። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ሳያስመቱ አይውጡ። መልሱ እስኪመጣ እሸቱ አይጠብቅምና ማማ ጥበቃውን በዳዶ (በጎረቤት መረዳጃ) ተራ ግቡበት፤ አምስት ቤት ከሆናችሁ አንድ ሰው በአምስት ሌሊት አንዴ ብቻ ነው የሚነቃው።

ማመልከቻውን ማርቀቅ ከከበደዎት ቢሮዬ ይምጡ። የጉዳቱን ዝርዝርና ፎቶዎቹን ይዘው ይምጡ፤ አብረን እንጽፈዋለን።