የጉብታው መኪና ጥያቄ፦ 18,000 ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ፍጥነቱን ሳይቀይር ራዲየሱ 50 ሜትር የሆነ ጉብታ ያልፋል፤ አናቱ ላይ ሲደርስ ኖርማል ፎርሱ (መንገዱ መኪናውን ወደ ላይ የሚገፋበት ኃይል) ስንት ነው ተብለሃል። አንተ 18,000 ኒውተን አገኘህ፣ መልሱ 2,000 ይላል፣ «መጽሐፉ ተሳስቶ ይሆን?» ብለሃል። አልተሳሳተም። 72ን ወደ 20 ሜትር በሰከንድ መቀየርህ ትክክል ነው፣ ጂን (የመሬት ስበት አክስለሬሽንን) 10 ማለትህም ችግር የለውም። ጉዱ ያለው ሥዕልህ ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ በዚችው ነገር ከአስተማሪ ጋር ተከራክሬ ማርክ የተቀነሰብኝ ሰው ነኝ።

ሦስት ቀስት ስለሃል፦ ክብደት ወደ ታች 10,000፣ ኖርማል ወደ ላይ፣ ከዚያ «ሴንትሪፔታል ፎርስ» (ወደ ክቡ መሃል የሚያመለክት ኃይል) ብለህ ወደ ታች ሌላ 8,000። የታቾቹን ደምረህ ከላዩ ጋር እኩል አደረግህ። ሦስተኛዋን ቀስት አጥፋት።

1ኛ) ቀስት ከመሳልህ በፊት «ይሄን የሚገፋው ወይም የሚስበው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። ክብደቱን መሬት ትስበዋለች። ኖርማሉን አስፋልቱ ይገፋዋል። 8,000ውንስ? ባለቤት የለውም። ኤም ቪ ስኩዌር ኦቨር አር (ማስ ሲባዛ በፍጥነት ስኩዌር፣ ሲካፈል ለራዲየስ) የሚነግርህ እውነተኞቹ ፎርሶች ተደምረው ወደ መሃል ስንት መትረፍ እንዳለበት ነው፤ ቦታው ሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከእኩል ምልክቱ ማዶ ነው። ጉብታ ላይ የክቡ መሃል ከመኪናው በታች ስለሆነ ወደ ታች ያለውን ፖዘቲቭ በል፦ 10,000 ሲቀነስ ኖርማል እኩል ይሆናል 8,000። ኖርማል 2,000 ወጣ፣ አለቀ። በነገራችን ላይ ያንተ 18,000 ራዲየሱ ያው 50 ሜትር የሆነ ጎድጓዳ መንገድ ቢሆን ልክ ነበር፤ እዚያ መሃሉ ከላይ ነው። እንግዲህ መሃሉ የት እንዳለ ሳታይ ቁጥር አታስገባ።

የእኔ ጥያቄ በሚሽከረከር ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ስለተቀመጠ ሳንቲም ነበር። ሦስት ቀስት ሳልኩ፦ ክብደት፣ ኖርማል፣ ወደ መሃል የሚስበው ፍሪክሽን (ሰበቃ)። መልሴም ልክ ነበር። አስተማሪው ግን «ሴንትሪፔታሉ የታለ?» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ወረቀቴን ይዤ ሄድኩና «እሱማ ፍሪክሽኑ ራሱ ነው፤ ሌላ ከጨመርኩ ሳንቲሙን ሁለቴ ልስበው ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ «ሁሉም ስሏል፣ አንተ ብቻ ነህ የረሳኸው» አሉኝ። ማርኩም ሳይመለስ ቀረ። እስካሁን ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ያን ቀን ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ ስህተቱን እንደ ሕግ ሸምድደው ወጡ። ዛሬ ተማሪ ሳስጠና መጀመሪያ የማስጠፋው ቀስት እሱ ነው፤ እሱን ያጠፉ ልጆች ደግሞ ከባድ የሚባለውን ጥያቄ ራሳቸው ሲፈቱት አይቻለሁ።

2ኛ) ወደ ውስጥ ያዘነበለ ኩርባ መንገድ ሲመጣ፣ ተዳፋት ላይ እንደሚንሸራተት ሳጥን አክሲሱን አታዘንብል። ሳጥኑ የሚፈጥነው በተዳፋቱ አቅጣጫ ነው፤ መኪናው ግን የሚዞረው በአግድም ክብ ስለሆነ አክስለሬሽኑም አግድም ነው። ስለዚህ ኤክስን አግድም፣ ዋይን ቀጥ አድርግ። ያኔ ፍሪክሽን በሌለበት፣ ኖርማል ሲባዛ ኮሳይን ቴታ (ቴታ የመንገዱ ዝንባሌ አንግል ነው) ከኤም ጂ፣ ማለትም ከክብደቱ፣ ጋር እኩል ይሆናል፤ ኖርማሉ ከክብደቱ ይበልጣል ማለት ነው። ከሳጥኑ ጥያቄ ለምዶባቸው «ኖርማል እኩል ይሆናል ኤም ጂ ኮሳይን ቴታ» የሚሉት እዚህ ጋ ይወድቃሉ።

በገመድ ታስሮ በአግድም ክብ የሚዞር ኳስም እንዲሁ ነው፣ እሱ ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ወጥመድ አለ። ገመዱ 1 ሜትር፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ከሚወርደው መስመር ያለው አንግል (ቴታ) 30 ዲግሪ ከሆነ ራዲየሱ 1 ሜትር አይደለም፤ የክቡ መሃል ከኳሱ ጎን እንጂ ገመዱ የታሰረበት ጫፍ ስላልሆነ 0.5 ሜትር ነው። ቪ ስኩዌር እኩል ይሆናል አር ጂ ታንጀንት ቴታ፤ ፍጥነቱ 1.7 ሜትር በሰከንድ ገደማ ይመጣል። የገመዱን ርዝመት እንደ ራዲየስ ብታስገባ 2.4 ይወጣልሃል። ምርጫው ውስጥ እሱን አስቀምጠው ይጠብቁሃል፣ ተጠንቀቅ።

3ኛ) ጠፍጣፋ ኩርባ ላይ የሚሠራው ስታቲክ ፍሪክሽን (ሳይንሸራተት የሚይዘው) ነው። ጎማው ቢሽከረከርም መንገዱን የሚነካው ነጥቡ እስካልተንሸራተተ ድረስ ካይኔቲኩን (ሲንሸራተት ያለውን) አትንካ። ማሱም ከሁለቱም ወገን ስለሚጣፋ «ማሱ አልተሰጠኝም» ብለህ አትደንግጥ። ራዲየሱ 50 ሜትር፣ ሚዩ (የፍሪክሽኑን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር) 0.8 ከሆነ ትልቁ ፍጥነት 20 ሜትር በሰከንድ ነው፤ መንገዱ ረጥቦ ሚዩ 0.2 ቢሆን 10 ይሆናል። ሚዩ በአራት እጥፍ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግማሽ ብቻ የወረደው ስኩዌር ሩት ስላለ ነው።

አሁን ወደ ጉብታህ ተመለስና ኖርማሉ ዜሮ የሚሆንበትን ፍጥነት አውጣ። 22.4 ሜትር በሰከንድ አካባቢ ካልመጣልህ የሠራኸውን እዚሁ ለጥፈው፣ ግን ከነሥዕሉ ይሁን።