አባቴ «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣቸውም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። የ63 ዓመቱን አባቴን ከሁለት ወር በፊት ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል። የምንላቸውን ይሰማሉ፤ መልሳቸው ግን «እሺ» ብቻ ነው። ውሃ ሲፈልጉም «እሺ»፣ ሲናደዱም «እሺ»። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ሕመም ያለባቸው ጎረቤታችንም ንግግራቸው አይሰማም። ሕመሙ አንድ ነው? ሰው «አእምሯቸው ተነክቷል» ይላል።

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። የሰውን ወሬ ይተዉት። እንደጻፉልኝ ከሆነ የተጎዳው ቃል የሚያወጡበት የአንጎል ክፍል ይመስላል። በአብዛኞቻችን ይህ ክፍል በግራ በኩል ነው። ቀኝ እጅን የሚያዘውም ግራው አንጎል ስለሆነ ሁለቱ አብረው ተያዙ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በ1861 እ.ኤ.አ. ያየው በሽተኛ «ታን» ከማለት ሌላ አይወጣውም ነበር፤ የሚባለውን ግን ይረዳ ነበር። ሲሞት አንጎሉ ሲታይ የግራው የፊት ክፍል ተጎድቶ ተገኘ። እንዲህ ዓይነቱን ሕመም አፌዥያ እንለዋለን።

ጉዳቱ ወደ ኋላ፣ ከግራ ጆሮ በላይ ሲሆን ደግሞ በሽተኛው እንደ ልቡ ያወራል። ወሬው ግን ትርጉም አይሰጥም፤ የሚሉትንም በደንብ አይረዳም። ቤተሰብ «አበደ» ብሎ የሚደነግጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

የጎረቤትዎ ሌላ ነው። በፓርኪንሰን የሚቸገረው የጡንቻው እንቅስቃሴ ነው፤ ድምፅ ይሰልላል፣ አነጋገር ይድበሰበሳል። አልዛይመር በሚባለው የመርሳት ሕመም ግን ቀስ በቀስ ስም ይጠፋል፤ «ያ... ያ ነገር» ይበዛል።

አባትዎን ሲያናግሩ ቴሌቪዥኑን ያጥፉ። ሻይና ውሃ አጠገባቸው አድርገው የሚፈልጉትን በእጃቸው እንዲያመለክቱ ያድርጉ። ቃል ሲፈልጉ ቀድመው አይንጠቋቸው፤ ይታገሷቸው። እሳቸው በተቀመጡበት ስለ እሳቸው አያውሩ፣ እባክዎ። በቃላቸው የያዙትን ጸሎት ወይም መዝሙር አብረው ይጀምሩ። አንዲት ቃል እንኳ የጠፋችበት ሰው «አባታችን ሆይ»ን ሊደግም ይችላል፤ ቤተሰቡን የሚያስለቅስ ነገር ነው።

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ከዚያም በኋላ ተስፋ አይቆረጥም። የንግግር ሕክምና ባለሙያ በአገራችን ጥቂት ቢሆንም ሪፈራል ሆስፒታል ሄደው ይጠይቁ። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን «ተሽሎኛል» ብለው እንዳያቋርጡ።

እንደገና ድንገት አፋቸው ከተጣመመ ወይም ንግግራቸው ከተኮላተፈ «ትንሽ ይረፉ» አይበሉ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በፊት ሲቲ ስካን የሚባለውን የአንጎል ራጅ መነሳት አለባቸው። የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፣ በፍጥነት ሆስፒታል ያድርሷቸው። በመንገድ ላይ ውሃም ሆነ ክኒን በአፋቸው አይስጡ፤ ትን ሊላቸው ይችላል።